የዲስክ ማጫወቻችን ዝም ባለ ጊዜ

የቤት ዕቃ በተበላሸ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዳኛ ይሆናል። አንዱ «ይጣል» ሲል፥ ሌላው «ይጠገን» ይላል፤ ሦስተኛውም «አዲስ ይገዛ» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ አልመረመረም። እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምንኖር ስለ ሆንን፥ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ በየቀኑ እናያለን። ይሁን እንጂ በገዛ ቤታችን ይህንኑ ስሕተት ለመሥራት ጥቂት ቀርቶን ነበር። ስለዚህ በድሬ ዳዋ ከተማ በቤታችን የሆነውን ነገር ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ እንደሚከተለው እንጽፋለን።

አባታችን በሕይወት ሳሉ በድሬ ዳዋ በምድር ባቡር የጥገና ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ መካኒክ ነበሩ። ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. ከዚህ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ በሐዲዱ ዙሪያ ተቈረቈረች፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩና የፉርጎው ጥገና በዚሁ ይደረግ ስለ ነበረ፥ ብዙ የድሬ ዳዋ ሰው ብረት መፍታትንና መግጠምን የተማረው ከዚያ ቤት ነው። አባታችንም ከሥራ ሲመለሱ እጃቸው ዝም አይልም ነበር። የጎረቤት ሰዓት፥ የጎረቤት ሬዲዮ፥ የልብስ ስፌት መኪና፥ ሁሉም በእርሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር።

በቤታችን ደግሞ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር ትንሽ ሸክላ የሚያጫውት የኤሌክትሪክ መኪና ነበረን። የጥላሁን ገሠሠን፥ የዓለማየሁ እሸቴንና የድሬ ዳዋውን ተወላጅ የዓሊ ቢራን ዜማ የለመድነው በዚያ መኪና ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሸክላው ሲንሻጠጥ፥ እኛ ልጆች «መኪናው ሞተ» ብለን ጮኽን። አባታችን ግን አልቸኰሉም። መጀመሪያ ሸክላውን አንሥተው በብርሃን ተመለከቱት፤ ቀጥለው በለስላሳ ጨርቅ ጠረጉት፤ ከዚያ በኋላ የመርፌዋን ጫፍ በጥቃቅን ብሩሽ አጸዱ፤ በመጨረሻም ካቻቢቴያቸውን ያነሡት ይህ ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር ብቻ ነበር። «ከቀላሉ ወደ ከባዱ፥ ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ዋጋ ከሌለው ዋጋ ወዳለው» ይሉን ነበር። በዚያን ቀን ካቻቢቴው አላስፈለገም፤ በመርፌዋ ጫፍ ላይ የተጠመጠመች አንዲት የአቧራ ድር ብቻ ተገኘች።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዜማ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ቋንቋና ሒሳብ ተምረናል፤ ይሁን እንጂ ይህን የአባታችንን ቃል የሚያህል ለኑሮ የሚጠቅም ትምህርት ጥቂት ብቻ አገኘን።

በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ. ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬ ዳዋ ከ200 በላይ የሆነ ሕዝብ የሞተበት ጎርፍ በደረሰ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ እኛ ነፍሳችን ተረፈች። የሸክላው መኪና ግን ከነሸክላዎቹ፥ የቤተ ሰባችንም ፎቶግራፍ ከነሣጥኑ በጭቃ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ በ2001 ዓ. ም. ጋብቻችን ሲፈጸም፥ የሰርጉ ሥነ ሥርዓት በቪዲዮ ተነሥቶ በዲቪዲ ዲስክ ተቀዳ። አባታችን በ2009 ዓ. ም. ሲያርፉ፥ መልካቸውና ድምፃቸው አንድ ላይ የሚገኝበት ነገር ይህ አንድ ዲስክ ብቻ ሆነ። በእርሱም ላይ በሰርጉ መጨረሻ ቆመው የመረቁን ምርቃት አለ።

እነሆ በ2016 ዓ. ም. የሰባተኛው ዓመት ተዝካራቸው አንድ ሳምንት ሲቀረው፥ እናታችን ወደ ራሳቸው ጠርተውን እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፥ ዓይኔ እንደ ደከመ ታያለህ። መልኩን አሳየኝ አልልህም። ድምፁን ግን አንድ ጊዜ አሰማኝ።» ይህም ልመና ከባድ ሆኖ አልታየንም። ዲስኩን ከቁም ሣጥን ላይ አውርደን በማጫወቻው ውስጥ አገባነው። መኪናው ጥቂት አጕረመረመ፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ለመዞር ሞከረ፤ ከዚያም በፊቱ ላይ «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዲስኩ በሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ማለቱ ልጆቹን አሳቃቸው፤ እናታችንን ግን አላሳቃቸውም።

በዚያች ምሽት ክርክሩ ተጀመረ። ባለቤታችን፦ «ተዝካሩ ደርሷል፤ በዚህ አሮጌ ዕቃ ጊዜ ከምናጠፋ ነገ ከገበያ አዲስ እንግዛ» አለች። የበኵር ልጃችን ደግሞ፦ «አባዬ፥ ዲስክ ያለፈበት ነገር ነው፤ አሁን ሁሉም በስልክ ነው፤ ለምን ገንዘብ ታወጣለህ?» አለ። እኛም በበኩላችን የተገዛበትን ገንዘብ እያሰብን «ይጠገናል» እንል ነበር። እናታችን ክርክሩን ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፦ «እኔ ስለ መኪናው አልጠየቅኋችሁም፤ ስለ ድምፁ ነው» አሉ። ከዚህ ቃል በኋላ ማንም መልስ አልሰጠም።

በማግሥቱ መኪናውን ተሸክመን ወደ አንድ ጠጋኝ ሄድን። እርሱም ክዳኑን ሳያነሣ፥ ዲስኩንም ሳይጠይቅ፥ «ዓይኑ ሞቷል፤ አዲስ ዓይን ለመግጠም የሚወጣው ገንዘብ ከአዲስ መኪና ዋጋ ብዙ አያንስም፤ ጣሉት» ብሎ ፈረደ። እኛም አዝነን ተመለስን፤ አዲስ ለመግዛትም ቈረጥን። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ባለን ጊዜ የአባታችን ቃል ትዝ አለን፤ «ከቀላሉ ወደ ከባዱ» ያሉት። ተከሳሹ ማን እንደ ሆነ እንኳ ገና አልታወቀም ነበር፤ ጥፋቱ የመኪናው ነው ወይስ የዲስኩ? ሁለቱ ባለጉዳዮች ሳሉ አንዱን ብቻ ከስሶ መፍረድ በየትኛውም ችሎት አይደረግም።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት፥ የዚህ መኪና አሠራር ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ማስረዳት ይገባናል።

ድምፅን ይዞ መልሶ የማሰማት ጥበብ የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 ሲሆን፥ ያገኘውም አሜሪካዊው ኤዲሰን ነው። ይህ ጥበብ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀድተው ለዳግማዊ አጤ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱም በዚያው በፎኖግራፍ መልስ ሰጡ። የንግሥቲቱ ድምፅ የተቀዳበት ቀፎ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በታዘዘው መሠረት ጠፋ። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ ስለ ኖረ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከዚህ እንደምናየው፥ ድምፅ የሚኖረው ስለ ተቀዳ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ስላገኘም ጭምር ነው።

ከዚያም ዝርግ የሆነው ሸክላ መጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ አስቀዱ። በ1969 ደግሞ አቶ አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ የራሳቸውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው የዘመኑን ዘፋኞች ሥራ አወጡ። ሕዝባችን «ሸክላ» ብሎ መሰየሙ መልካም ነው፤ የጥንቱ ዓይነት ከእጅ ካመለጠ እንደ ሸክላ ይሰበር ነበርና። ከሸክላ በኋላ ካሴት፥ ከካሴትም በኋላ በ1982 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ሲዲ፥ በ1996 ደግሞ ዲቪዲ ተከታትለው መጡ።

ሲዲም ሆነ ዲቪዲ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። በሸክላው ላይ መርፌ ትሄድ እንደ ነበረች ሁሉ፥ በዲስኩ ላይ የሚሄደው የሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከታች ተነሥቶ በትንሽ ሌንስ በኩል ወደ ዲስኩ ይወጣል፤ በዲስኩም ውስጥ ካለው እንደ መስተዋት ከሚያበራ ስስ ንጣፍ ተመልሶ ይወርዳል። በዚያ ንጣፍ ላይ በጠመዝማዛ መንገድ የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ የአንድ ሲዲ መንገድ ተዘርግቶ ቢለካ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሸክላ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጫወት፥ ዲስክ ግን ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ዲስክ መጨረሻ የተቀዳው ነገር የሚገኘው ወደ ዳሩ፥ የሰው ጣት በብዛት ከሚነካው ስፍራ አጠገብ ነው። ይህ ነገር በኋላ ለእኛ ታላቅ ቁም ነገር ሆኖ ተገኘ።

ደግሞም ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ዓይነት ብርሃን አይነበቡም። ሲዲ የሚነበበው የሰው ዓይን በማያየው ጨረር ሲሆን፥ ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ብርሃን ነው። ሁለቱንም የሚያጫውት መኪና ሁለት ብርሃን አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊኖር ይችላል።

በማግሥቱ ማለዳ ምርመራውን እንዲህ ጀመርን።

አንደኛ፥ ኤሌክትሪኩንና ገመዱን አየን። የመኪናው መብራት ይበራል፤ መሳቢያው ይወጣል፤ ይገባል። እንግዲህ ኃይል የሚሰጠው ክፍልና መሳቢያውን የሚስበው የላስቲክ ቺንጋ ደኅና ናቸው። መብራቱ ፈጽሞ ባይበራ ኖሮ ጥርጣሬያችን በፊውዝና በኃይል ክፍሉ ላይ ይሆን ነበር፤ መሳቢያው እያቃሰተ ቢቀር ደግሞ በቺንጋው ላይ፤ ቺንጋም በሙቀት ይላላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፥ ሌሎች ዲስኮችን ለምስክርነት ጠራን። ሦስት ዓይነት መረጥን፦ በፋብሪካ የታተመ የዘፈን ሲዲ፥ በፋብሪካ የታተመ የፊልም ዲቪዲ፥ ሦስተኛም የሴት ልጃችን ክርስትና በቤት የተቀዳበት ዲቪዲ። ሲዲው ተጫወተ። ፊልሙም ጥቂት ካመነታ በኋላ ተጫወተ። የክርስትናው ዲስክ ግን እንደ ሰርጉ ዲስክ «የለም» ተባለ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ምስክርነት ምን ያህል ነገር እንደ ገለጠ ተመልከት። ሲዲው ከተጫወተ የማይታየው ጨረር ሕያው ነው፤ ፊልሙ ከተጫወተ ቀዩም ብርሃን ሕያው ነው። እንግዲህ «ዓይኑ ሞቷል» የተባለው ቃል ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በቤት የተቀዳውን ማንበብ አለመቻሉ ደግሞ መኪናው ፍጹም ጤነኛ አለመሆኑን ያሳያል። ምክንያቱም፥ በፋብሪካ የሚታተመው ዲስክ ምልክቱ በማኅተም ተጭኖ የተሠራ ስለ ሆነ ግልጥ ነው፤ በቤት የሚቀዳው ግን በሌዘር የተቃጠለ የቀለም ምልክት ስለ ሆነ ደከም ያለ ነው። ዓይኑ የጠራ ሰው ጥሩውንም መጥፎውንም የእጅ ጽሕፈት ያነባል፤ ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ግን ማተሚያ ቤት ያተመውን ብቻ ይለያል። መኪናችንም ዓይኑ ፈዘዘ እንጂ አልሞተም ነበር።

ሦስተኛ፥ በከዚራ ወደሚኖሩ በዕድሜ ወደ ገፉ አንድ ጠጋኝ ሄድን። እርሳቸውም ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ጠየቁን፦ «የትኛውን ዲስክ እምቢ ይላል? ከመቼ ጀምሮ? በቤት የት ይቀመጣል?» መልሳችንንም ከሰሙ በኋላ መኪናውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ጥቂት አቆዩት፤ ምክንያቱም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዘው ይቈያሉ። ከዚያም ክዳኑን ፈትተው አሳዩን። በዚያች እንደ ምስር በምታህል ሌንስ ላይ ስስ የአቧራ መጋረጃ ተጋርዶባት ነበር።

ድሬ ዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ቆላ ከተማ እንደ ሆነች ይታወቃል። በበጋ ጊዜ የደቻቱ አሸዋ ደርቆ ነፋስ ሲያነሣው ከሽሮ የደቀቀ ሆኖ በየቀዳዳው ይገባል። ለሰው ዓይን የሚተርፍ አቧራ ለመኪና ዓይንማ እንዴት አይተርፍ! ጠጋኙም በመድኃኒት ቤት በሚሸጠው ንጹሕ አልኮል ጥጥ ነክረው ሌንሷን ሳይጫኑ በቀስታ ጠረጉ፤ ሌንሷ የተሰቀለችው እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ላይ ስለ ሆነ ትንሽ ኃይል ይጎዳታል። ሌንሷ የምትሄድበትንም ሐዲድ ከደረቀው ቅባት አጽድተው በጥቂቱ አዲስ ቀቡት። «ሐዲድ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው በሰማን ጊዜ አባታችን ትዝ አሉን። የክርስትናው ዲስክ በገባ ጊዜ ወዲያው ተጫወተ። የተከፈለውም ዋጋ ለአንድ ቀን ገበያ ከሚወጣው አይበልጥም ነበር።

አራተኛ፥ በደስታ የሰርጉን ዲስክ አገባነው። ሙሽራዪቱ ወጣች፤ እልልታው ተሰማ፤ ሚዜዎቹ ጨፈሩ። ወደ መጨረሻው ግን፥ አባታችን ለምርቃት ከወንበር ሲነሡ፥ ምስሉ ተሰነጣጠቀና ቆመ።

እንግዲህ ጥፋተኞቹ ሁለት ነበሩ። መኪናው የበደለውን ክሶ ነጻ ወጣ፤ አሁን የሚመረመረው ዲስኩ ነው። ጠጋኙ ዲስኩን በዳሩ ይዘው ወደ ብርሃን አቀኑት። ወደ ዳሩ አካባቢ ቀለሙ ከመካከሉ ይልቅ ገርጥቶ ነበር፤ በላዩም ሙሽሮች የሚታዩበት የወረቀት ሥዕል በሙጫ ተለጥፎበት ስለ ነበረ፥ ወረቀቱ በሙቀት ተኰማትሮ ዲስኩን ጥቂት አጐብጦት ነበር። «ይህ የት ነበር የተቀመጠው?» አሉን። እኛም፦ «በቁም ሣጥን ላይ፥ በመስኮት አጠገብ» አልን። እርሳቸውም ምንም አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም። የአባታችንን ድምፅ ሰባት ዓመት በድሬ ዳዋ ፀሐይ ያሰጣነው እኛው ነበርን። ጠጋኙን ስንወቅስ፥ መኪናውን ስንከስ፥ ልጃችንን ስንቈጣ ሰንብተን፥ በመጨረሻ በተከሳሽ ስፍራ የቆምነው እኛ ሆንን።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፥ አዲስ መኪና ገዝተን ቢሆን ኖሮ ገንዘባችንን ባወጣን ነበር፤ ዲስኩ ግን ያው በሽተኛ በሆነ ነበር። ምርመራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ባጭሩ እንናገር። ዲስኩን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥበን፥ በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር ቀጥታ ጠረግነው። እንደ ድስት ዙሪያውን መጥረግ አይገባም፤ በመንገዱ አቅጣጫ የተጫረ ጭረት ብዙ ምልክት በተከታታይ ይሸፍናልና። ወረቀቱን ለመላጥ ግን አልደፈርንም፤ ዲስኩን ሊጎዳው ይችላል። ያን ጊዜ «ያለፈበት ነገር ነው» ብሎ የነበረው ልጃችን ኮምፒውተሩን አመጣ። በኮምፒውተሩ የዲስክ ማንበቢያ ዲስኩን በዝግታ እያዞረ፥ እምቢ ያለውንም ስፍራ ደጋግሞ እየሞከረ የሚቀዳ ዘዴ እንዳለ ያውቅ ነበር። ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አጠገቡ ተቀመጥን። እርሱ ማሽኑን ይጠብቃል፤ እኛ እርሱን እንጠብቃለን። በመጨረሻም፦ «አባዬ፥ ጥቂት ስፍራ ብቻ ቀረ፤ የቀረው ሁሉ ወጣ» አለን። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስለ ዲስክና ስለ ስልክ በቤታችን ክርክር የለም፤ አሮጌው ጥበብ የያዘውን አዲሱ ጥበብ እንደሚያተርፈው ሁላችን አየን።

በተዝካሩ ቀን፥ እንግዶች በልተው ከሄዱ በኋላ፥ ቤተ ሰቡ ብቻ በቀረ ጊዜ ድምፁን ከፈትነው። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የአባታችን ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ባቡር ሰውነታቸው መርቀውን ነበር፦ «ልጆቼ፥ እንደ ሐዲድ ሁኑ። ሐዲድ ሁለት ነው፤ አይደራረብም፥ አይራራቅም። አንዱ ከሌላው የራቀ እንደ ሆነ...» ካለ በኋላ ድምፁ ተቈረጠ። ይህ ያልወጣው ስፍራ ነበር። ሁላችንም ደነገጥን። እናታችን ግን ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ፥ «ባቡሩ ይወድቃል» ብለው ጨረሱት። ወዲያውም ድምፁ ተመልሶ «አሜን በሉ» አለ። እኛም አሜን አልን።

አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በጥቂት ቃል እናስቀምጥላችኋለን።

የዲስክ ማጫወቻ ሲበላሽ ይጠገን ወይስ ይጣል ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። መጀመሪያ፥ ጥፋቱ የመኪናው ነው ወይስ የዲስኩ? ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሦስት አራት ልዩ ልዩ ዲስክ ይበቃል። ሁሉንም እምቢ ካለ ነገሩ ከመኪናው ነው፤ አንዱን ብቻ እምቢ ካለ ከዲስኩ ነው፤ ሲዲ አጫውቶ ዲቪዲ እምቢ ካለ ወይም የዚህ ተቃራኒ ከሆነ፥ ከሁለቱ ብርሃን አንዱ መድከሙን ጠርጥሩ። ሁለተኛ፥ የተበላሸው ክፍል ምንድን ነው? አቧራ፥ ቺንጋ፥ ፊውዝና የደረቀ ቅባት በጥቂት ገንዘብ ይስተካከላሉ፤ ያበጠ ካፓሲተርም እጁ የሠለጠነ ጠጋኝ ይለውጠዋል። ሌዘሩ በእርግጥ ከሞተ ግን መለዋወጫው መገኘቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሦስተኛ፥ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ እኩሌታውን ያልፋልን? የሚያልፍ ከሆነ፥ በእኛ አሳብ፥ መጠገኑ አይበጅም። አራተኛ፥ በዚህ መኪና ብቻ የሚነበብ ነገር በቤታችሁ አለን? ካለ፥ ከዋጋው ይልቅ እርሱን አስቡ።

ወደ ጠጋኝ ስትሄዱም እንቢ ያለውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋጋውን ክዳኑ ሳይከፈት ተስማሙ፤ የተለወጠ ክፍል ካለ አሮጌውን ተቀበሉ፤ በፊታችሁም ሳይፈተን አትውሰዱ። በቤታችሁ ክዳኑን ለመክፈት የምትደፍሩ ብትኖሩ፥ ከኤሌክትሪክ ሳትነቅሉ አትንኩ፤ መኪናውም ክዳኑ ተነሥቶ በሚሠራበት ጊዜ ወደ ሌንሱ ዓይናችሁን አታቅኑ፤ የሲዲው ጨረር ባይታይም ዓይንን ይጎዳል። መብራት በሄደ ጊዜ መኪናውን ንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋም ታገሡ።

ስለ ዲስኮቻችሁ ደግሞ፦ በዳራቸው ያዙ፤ በማኅደራቸው አቁማችሁ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጡ፤ ወረቀት አትለጥፉባቸው። በሲዲ ላይ ድምፁ የሚገኘው ስሙ ከተጻፈበት ገጽ ሥር በጣም ቀርቦ ስለ ሆነ፥ ከላይ የሚጫር ጭረት ከታች ከሚጫረው ይከፋል። ከሁሉም በላይ ግን በቤት የተቀዳ ዲስክ ዘለዓለማዊ ነው ብላችሁ አትመኑ። ዛሬ የሚጫወተውን ዛሬ ገልብጡ፤ አንዱን ቅጂ በቤታችሁ፥ አንዱን በዘመድ ቤት፥ አንዱንም በሌላ ከተማ አኑሩ። የደቻቱ ጎርፍ አንድ ሣጥን ብቻ ለነበረው ቤት ምን እንዳደረገ እኛ እናውቃለን።

መኪናችን እስከ አሁን በቤታችን አለ፤ በለስላሳ ጨርቅም ተሸፍኖ ይኖራል። የአባታችን ድምፅ ደግሞ ዛሬ በሦስት ቤት ይገኛል። የጠፋችውን ቃል ግን በየትኛውም ቅጂ ላይ አላገኘናትም፤ ያለችው በእናታችን አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ እርሳቸውን ከፊታችን አስቀምጠን፥ ያን ምርቃት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሳቸው ድምፅ እንዲናገሩት ለመቅዳት ከልጃችን ጋር ተቀጣጥረናል።